«ለቤቱ» የሚነሣው ገንዘብ፦ በግል ቤት የሚደረግ ቁማር ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው?

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፣ ማንነትን የሚገልጡ ነገሮች ወጥተውለትና አጥሮ፣ የሚከተለው ነው፦

«ባለቤቴ ላለፉት 3 ዓመታት ዘወትር ዓርብ ማታ ጓደኞቹን ቤታችን እየጠራ በገንዘብ ካርታ ይጫወታል። መጀመሪያ 4 ነበሩ፤ የሚያሲዙትም ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አሁን 12 ሆነዋል፤ የግማሾቹን ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከእያንዳንዱ አሸናፊ ላይ ‹ለቤቱ› እየተባለ ገንዘብ ይነሣል። ባለቤቴ ለመብራትና ለሚበላ ለሚጠጣው ነው ቢልም ከወጪው እንደሚተርፍ ዐውቃለሁ። ገንዘብ ላለቀበት ሰው ያበድራል፤ ብድሩንም በደብተር ይጽፋል። የ16 ዓመት ልጃችን ካርታ ያድላል፣ እንግዶቹንም ያስተናግዳል፤ ሌሊቱ ሲያልቅ የድካሙ ይሰጠዋል። ጎረቤታችን ‹ይህ በወንጀል ያስጠይቃችኋል› ብላኛለች። ባለቤቴ ግን ‹በገዛ ቤታችን፣ በተዘጋ በር ውስጥ ማን ያገባዋል?› ይላል። ቤቱ በሁለታችን ስም ነው። እኔ ካርታ ነክቼ አላውቅም። እውነት ወንጀል ነው? እኔስ እጠየቃለሁ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ስለሆነ በቅድሚያ ለሁለቱም አጭር መልስ ልስጥዎና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ አብራራለሁ። በደብዳቤዎ የገለጹት የዓርብ ማታ ጨዋታ፣ ከዚህ በታች በምጠቅሳቸው ሕጎች ሚዛን ሲታይ፣ ከጓደኛሞች መዝናኛነት አልፎ በወንጀል ወደሚያስጠይቅ ሥራ የተሻገረ ይመስለኛል። በአብዛኞቹ ዘንድ የተሻገረውም ካርታው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ዕለት ወይም ገንዘብ የተያዘበት ዕለት ሳይሆን፣ ባለፈው ዓመት «ለቤቱ» ተብሎ የመጀመሪያው ገንዘብ የተነሣበት ሌሊት ነው። ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ ደግሞ፣ ካርታ አለመንካትዎ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንዎትም፤ ቤቱ የእርስዎም ነውና፣ የሚደረገውንም ያውቃሉና። የምትኖሩበትን አገር ስላልጠቀሱልኝ የማቀርብልዎ የአንድ አገር ሕግ ሳይሆን፣ የተለያዩ አገሮች ሕጎች እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚመዝኑባቸውን መለኪያዎች ነው። እነዚህን ይዘው ወደ አንድ የሕግ ባለሙያ ሲሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ያውቃሉ።

ባለቤትዎ «በገዛ ቤታችን ማን ያገባዋል?» ማለታቸው ፈጽሞ መሠረት የሌለው ነገር አይደለም። ብዙ አገሮች የሚያውቃቸውን ሰዎች ቤቱ ጠርቶ በገንዘብ ካርታ የሚጫወትን ሰው በወንጀለኛነት አይፈልጉትም፤ ሕጋቸው ራሱ እንዲህ ያለውን ጨዋታ በግልጽ ነጻ ያደርገዋል። የተሳሳቱት ነጻ ያደረጋቸው የተዘጋው በር መስሎ ስለታያቸው ነው። ሕጉ ጥበቃ የሰጠው ለወዳጅነቱ ጨዋታ ነው እንጂ ለበሩ አይደለም፤ ጨዋታው ባሕርዩን ሲለውጥ በሩ እንደተዘጋ ቢቀርም ጥበቃው ይነሣል። እንዲያውም በቁማር ላይ የወጡ የቆዩ ሕጎች በዋናነት ያነጣጠሩት በተዘጋ በር ውስጥ በሚደረግ ነገር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ለህንድ የወጣው የቁማር ሕግ «የቁማር ቤት» የሚለውን ሲተረጉም የቤቱን ዓይነት ወይም ስፋት አልጠየቀም፤ የጠየቀው፣ ካርታው፣ ዳይሱ ወይም ሌላው የመጫወቻ ዕቃ በዚያ ቤት የሚቀመጠው ለቤቱ ባለቤት ወይም ለያዡ ጥቅም መሆን አለመሆኑን ነው። ጥቅሙ ለዕቃው ኪራይ ቢባል፣ ለቤቱ ኪራይ ቢባል ልዩነት የለውም። በዚህ ትርጉም መሠረት መኖሪያ ቤትም የቁማር ቤት ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ ያስቀመጠው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሆንግ ኮንግ የቁማር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት በግል ቤት ውስጥ፣ ሰዎች ለወዳጅነት በተሰበሰቡበት አጋጣሚ የሚደረግ ጨዋታ የተፈቀደ የሚሆነው፣ እንደ ንግድ ሥራ ካልተካሄደና ማንም ሰው፣ ተጫዋች ሆኖ በማሸነፍ ከሚያገኘው በቀር፣ ሌላ የግል ጥቅም ካላገኘበት ነው። «ተጫዋች ሆኖ በማሸነፍ ከሚያገኘው በቀር» የሚለውን ሐረግ ቆም ብለው እንዲያስቡበት እለምንዎታለሁ። ባለቤትዎ እንደ ማንኛቸውም እንግዳ ተቀምጠው ተጫውተው፣ እንደ ማንኛቸውም ሊሸነፉ እየቻሉ ቢያሸንፉ፣ ያ ገንዘብ የተጫዋች ገንዘብ ነው። ከሌላው አሸናፊ ላይ የሚነሣው ግን ባለቤትዎ ያሸነፉት አይደለም፤ እርሳቸው በዚያ ዙር ቢሸነፉም፣ ጭራሹን ባይጫወቱም ይደርሳቸዋል። ማን እንዳሸነፈ ሳይለይ የሚመጣ ገንዘብ ሰውን ከተጫዋችነት አውጥቶ አቋማሪ ያደርገዋል።

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት የወንጀል ሕግም ወደዚሁ ይደርሳል። በዚያ በገንዘብ ቁማር መጫወት በመርሕ ደረጃ ጥፋት ሲሆን፣ ተከሳሹ ራሱን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ ነው፦ ጨዋታው በግል ስፍራ የተደረገ ሲሆን፣ ማንም ከግል አሸናፊነቱ ሌላ የገንዘብ ጥቅም ያላገኘ ሲሆን፣ እንዲሁም ከችሎታና ከዕድል ልዩነት በቀር የማሸነፍና የመሸነፍ ዕድሉ ለሁሉም እኩል ሲሆን። አንዱ ከጎደለ መከላከያው ይወድቃል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ባንክ፣ ማለትም ላሸነፈው የሚከፍልና ከተሸነፈው የሚሰበስብ፣ ሆኖ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ለየብቻ የሚጫወትባቸውና ሥርዓታቸው ለባንኩ የሚያደላባቸው ጨዋታዎች አሉ። በእነዚህ ጨዋታዎች ከአሸናፊ ላይ ምንም ባይነሣ እንኳ ትርፉ ከጨዋታው ሥርዓት ውስጥ ስለሚመጣ፣ ባንኩ ዘወትር የቤቱ ጌታ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ባለቤትዎ የሚጫወቱት የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ስላልገለጹልኝ ይህንን እንዲያጣሩ እመክርዎታለሁ።

አሁን ወደ «ለመብራትና ለሚበላ ለሚጠጣው ነው» ወደሚለው ቃል ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነውና። የሚናገረውን ሰው ራሱን ስለሚያሳምነው በዚህ ቃል ተደግፈው ብዙ ሰዎች ሳያውቁት ወደ ጥፋት ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የታላቋ ብሪታንያ የቁማር ሕግ በመኖሪያ ቤት የሚደረግን የቤተ ሰብና የወዳጅ ጨዋታ ያለ ፈቃድ ይተወዋል፤ ነገር ግን ለመጫወት ክፍያ እንዳይጠየቅ አጥብቆ ያዝዛል። ለክፍያው የተሰጠው ስም ለውጥ አያመጣም፤ «በፈቃደኝነት» ወይም «በልማድ» የሚሰጥ መሆኑም እንዲሁ። በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ዋጋ ባለው ነገር ቢከፈልም ክፍያ ነው፤ ወደ ቤቱ ለመግባት የሚከፈለውም ለመጫወት እንደ ተከፈለ ይቆጠራል። ከተያዘው ወይም ከተሸነፈው ገንዘብ ላይ የሚቀነሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ግልጹ ክፍያ ነው። ስለዚህ «ማንንም አስገድጄ አላውቅም፣ ደስ ያለው ነው የሚሰጠኝ» የሚለው መልስ በእንዲህ ያለ ሕግ ፊት ጉዳዩን አይለውጠውም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስረዳት ይገባኛል። ጓደኛሞች ሊሰበሰቡ ሲሉ የሚበላውን በጋራ ቢገዙና የሚጫወተውም የማይጫወተውም እኩል ቢያዋጣ፣ ያ መዋጮ የተያያዘው ከምግቡ ጋር ነው። ከአሸናፊው ላይ በየዙሩ የሚነሣው ግን የሚያድገው ሰዎቹ በበሉት መጠን ሳይሆን በተጫወቱት መጠን ነው፤ ጨዋታው በረዘመና የሚያዘው ገንዘብ በተለቀ ቁጥር ይበዛል። አንድ ዳኛ ገንዘቡ ከምግቡ ጋር ወይስ ከጨዋታው ጋር እንደ ተያያዘ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገውም። እርስዎም «ከወጪው እንደሚተርፍ ዐውቃለሁ» ብለውኛል። ባይተርፍ እንኳ ብዙ ሕጎች ክፍያ መወሰዱን እንጂ መትረፉን አይጠይቁም፤ ሲተርፍ ግን የሚያከራክር ነገር ፈጽሞ አይቀርም። በዚህ ምክንያት፣ መዋጮውን ሌላ ስም ሰጥቶ ለማቆየት ከማሰብ ይልቅ፣ የሚመጣው እንግዳ የሚበላ የሚጠጣውን በእጁ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ይሻላል እላለሁ። መጠጡን ከገበያ ዋጋ በላይ መሸጥ፣ ለወንበር ማስከፈል፣ ካርታውን ማከራየት ሁሉ ያንኑ ገንዘብ በሌላ በር ማስገባት ነው።

ቀጥሎ የሚመዘነው የሚመጡት ሰዎች ማንነት ነው። «የግል» የሚለው ቃል በእነዚህ ሕጎች ውስጥ የሚያመለክተው የቤቱን ባለቤትነት ብቻ ሳይሆን ማን መግባት እንደሚችልም ጭምር ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2022 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ ባዋለችው አዲስ የቁማር ሕግ፣ በቤት ውስጥ በቤተ ሰብና በወዳጆች መካከል ፊት ለፊት የሚደረገውን ጨዋታ ነጻ ስታደርግ፣ ተጫዋቾቹ በእርግጥ የሚተዋወቁ መሆናቸውን መሠረት አድርጋለች። በኢንተርኔት የሚደረገውን ግን በወዳጆች መካከል ቢሆንም እንኳ ነጻ አላደረገችውም፤ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ተጫዋቾቹ በበቂ ሁኔታ መተዋወቃቸውን ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው። በእናንተ ቤት ካሉት 12 ሰዎች መካከል ግማሾቹን እርስዎ በስም የማያውቋቸው ከሆነ፣ ባለቤትዎስ ያውቋቸዋል? ከጨዋታው በፊት ያውቋቸው ነበር፣ ወይስ ያወቋቸው በጨዋታው ምክንያት ነው? ሰው ሰውን እያመጣ የሚሞላ ጠረጴዛ፣ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሁሉ የሚቀመጥበት ከሆነ፣ በሩ ቢዘጋም ለሕዝብ ክፍት ነው ለማለት ብዙ አይቀረውም። ስለ ስፍራው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የቴክሳስ ሕግ የግል ስፍራ ከሚለው ትርጉም ውስጥ የአፓርታማ ሕንፃዎችን የጋራ መጠቀሚያዎች አውጥቷል። ከቤታችሁ ወደ ሕንፃው የጋራ አዳራሽ ማዛወር መፍትሔ መስሎ ከታያችሁ፣ እንዲያውም ነገሩን ሊያብሰው ይችላል።

ገንዘብ ማንሣቱ ቢቀርና ሰዎቹም ወደ ቀድሞዎቹ 4 ጓደኞች ቢመለሱ ነገሩ በሁሉም ስፍራ ንጹሕ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። የጀርመን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 284 ያለ ፈቃድ በይፋ የዕድል ጨዋታ የሚያካሂድን ሰው ሲቀጣ፣ በዝግ ማኅበራት ወይም በግል ስብስቦች ውስጥ እንደ ልማድ የሚካሄደውንም የዕድል ጨዋታ እንደ ይፋዊ ይቆጥረዋል። ያ ሕግ ዘወትር ዓርብ፣ ለ3 ዓመት ሳይቋረጥ የቀጠለን ነገር ከልደት ቀን አጋጣሚ ጋር እኩል አያየውም። ጃፓን ደግሞ ከዚህም ትጠብቃለች፤ የወንጀል ሕጓ በአንቀጽ 185 ቁማር መጫወትን ራሱን የሚቀጣ ሲሆን፣ ነጻ የሚያደርገው የተያዘው ነገር ለጊዜያዊ መዝናኛ የሚሆን፣ ለምሳሌ ወዲያው የሚበላ ነገር፣ ሲሆን ብቻ ነው። የጃፓን ፍርድ ቤቶች ገንዘብን፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን፣ በዚህ ውስጥ አላስገቡትም። እንግዲህ ለጠበቃዎ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ «የዚህ አገር ሕግ በወዳጆች መካከል በገንዘብ መጫወትን ራሱን ይከለክላል ወይስ የሚከለክለው ከጨዋታው ማትረፍን ነው?» የተቀረው ነገር ሁሉ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። ጨዋታው የዕድል ነው ወይስ የችሎታ የሚለውም በአንዳንድ አገሮች ክርክር ያስነሣል፤ ካርታ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም የቀላቀለ ስለሆነ በዚህ ላይ ተስፋ ባትጥሉ ይሻላል።

ስለ ብድሩና ስለ ደብተሩ ጥቂት ልበል። ገንዘብ ያለቀበት ሰው ከቤቱ ጌታ ተበድሮ እንዲቀጥል ማድረግ፣ ለአንድ መርማሪ ወይም ዳኛ የሚነግረው ጨዋታው መቀጠሉ የሚጠቅመው አንድ ሰው መኖሩን ነው፤ ወለድ ካለበት ደግሞ ያ ወለድ ራሱ ከአሸናፊነት ውጭ የተገኘ ጥቅም ነው። ከዚህም ሌላ በብዙ አገሮች የቁማር ዕዳን በፍርድ ቤት ማስከፈል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1965 ለቁማር ዕዳ ክስ አይፈቅድም፤ የጀርመንም ሕግ ከጨዋታና ከውርርድ ግዴታ አይወለድም ይላል፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የተከፈለን ገንዘብ ጨዋታ ነበር በሚል ምክንያት ብቻ ማስመለስ አይቻልም። ታላቋ ብሪታንያ ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዚህ የተለየ መንገድ ይዛ የቁማር ውል ቁማር በመሆኑ ብቻ እንዳይፈርስ አድርጋለች፤ ሕገ ወጥ ለሆነ ጨዋታ ግን ይህ መደገፊያ አይሆንም። በሕግ የማይከፈል ዕዳ ያለው ሰው ወደ ማስፈራራት ሊገፋ ይችላል፤ ማስፈራራት ደግሞ ከቁማሩ የሚከብድ፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ባለቤትዎ እስከ አሁን ማንንም በኃይለ ቃል ጠይቀው ከሆነ ይህንን ለጠበቃው ሳይደብቁ መንገር አለባቸው።

ልጃችሁን ያነሣችሁበት መስመር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚቸኩለው እርሱ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ ለጨዋታ ያህል ካርታ መያዙ በብዙ አገሮች ጥፋት አይደለም። የታላቋ ብሪታንያ ሕግ ግን ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ቁማር በማጫወት ሥራ ላይ ማሠማራትን በተለየ ጥፋትነት ይዞታል፤ ከዚህ ነጻ የሚሆነው የግል ወይም ለትርፍ ያልሆነ ጨዋታ ነው። ይህ ማለት «ለቤቱ» በሚባለው ገንዘብ ምክንያት ጨዋታው የግልነቱን ሲያጣ፣ ካርታ የሚያድለው ልጅ ጉዳይም አብሮ ይለወጣል። ሌሊቱ ሲያልቅ የሚሰጠው ገንዘብ ከእናትና ከአባት የተሰጠ ስጦታ ነው ቢባል እንኳ፣ የተሰጠው ካርታ ስላደለና ስላስተናገደ ከሆነ ለድካሙ የተከፈለ ዋጋ ነው የሚመስለው። ከዚህም በላይ ቤቱ ቢፈተሽ በክፍሉ ውስጥ የሚገኘው፣ ካርታውን በእጁ የያዘው፣ እንግዶቹን ሁሉ በመልክ የሚያውቀው እርሱ ነው። በምርመራ ክፍል ተቀምጦ በአባቱ ላይ እንዲመሰክር የሚጠየቅበትን ቀን አስቡት። ጠበቃ እስክታገኙ መጠበቅ የለባችሁም፤ ልጁ ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ መገኘት የለበትም።

አሁን ወደ ራስዎ ጉዳይ እመጣለሁ። ሕጎች የቤቱን ባለቤት ወይም ያዥ የሚጠይቁት ስለ ተጫወተ አይደለም፤ እያወቀ ቤቱን ስለ ፈቀደ ነው። ያው የ1867ቱ የህንድ ሕግ፣ ቤቱን የቁማር ቤት አድርጎ ከሚያቆየው ሰው ጎን ለጎን፣ ሌላ ሰው በቤቱ እንዲህ እንዲያደርግ ዐውቆ የፈቀደውንም ባለቤት ይቀጣል። የሆንግ ኮንግ ሕግም ባለቤቱን፣ ተከራዩንና ቤቱን በኃላፊነት የያዘውን ሰው ዐውቆ በመፍቀድ ይጠይቃል። የኒው ዮርክ ግዛት የወንጀል ሕግ ከሁሉ በላይ እርስዎን የሚመለከት ቃል አለው፦ በቤቱ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው በውስጡ ሕገ ወጥ ቁማር እንደሚካሄድ እያወቀ ከፈቀደ፣ ወይም ለማስቆም ምንም ጥረት ካላደረገ፣ ቁማሩን እንዳራመደ ይቆጠራል። ያው ሕግ በሌላ በኩል የወዳጆችን ጨዋታ ያመቻቸና ከግል አሸናፊነቱ በቀር ምንም ያላገኘ ሰውን ይተወዋል፤ እንዲህ ያለው መመዛዘን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። እንግዲህ የእርስዎ ጉዳይ በሦስት ጥያቄዎች ይመዘናል፦ ያውቁ ነበር? ለማስቆም ሥልጣን ነበርዎ? ምን አደረጉ? የሁለቱ መልስ በደብዳቤዎ ውስጥ ተገልጿል። ሦስተኛው ገና በእጅዎ ነው። ከተነሣው ገንዘብ ለቤት ወጪ ተጠቅመው ከሆነ፣ ይህም ሊነሣ እንደሚችል ይወቁት።

በሌላ በኩል፣ ባለቤትዎን ከመቃወም የሚያግድዎ ፍርሃት ካለ፣ ይህ ሁሉ የሚመዘነው በሌላ ዓይን ነው፤ ሕግ የሚጠይቀው የሚቻለውን ጥረት እንጂ ራስን ለአደጋ መስጠትን አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልተነገረኝም፤ ካለ ግን ለጠበቃው በቅድሚያ የሚነገረው ይህ ነው።

ስለ ቅጣቱ ማስፈራራት አልወድም፤ ሆኖም ክብደቱን ሳያውቁ መወሰን አይቻልምና ጥቂቱን እጠቅሳለሁ። በሆንግ ኮንግ የቁማር ቤት ማካሄድ በከባዱ የክስ ሥርዓት እስከ 5 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር መቀጮና እስከ 7 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ በዚያ ቤት ተገኝቶ የተጫወተውም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 10,000 የሆንግ ኮንግ ዶላርና እስከ 3 ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል። በጃፓን ተራ ተጫዋች እስከ 500,000 የን መቀጮ ሲጠብቀው፣ ለትርፍ የቁማር ስፍራ የከፈተ ሰው ከ3 ወር እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። በጀርመን አካሂያጁ በመርሕ ደረጃ እስከ 2 ዓመት፣ ተጫዋቹ እስከ 6 ወር እስራት ወይም መቀጮ አለበት። በእነዚህ አገሮች ሁሉ በአካሂያጁና በተጫዋቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ መሆኑን ልብ ይበሉ። ባለቤትዎ ራሳቸውን የሚያዩት ከተጫዋቾቹ እንደ አንዱ አድርገው ነው፤ ሕጉ የሚያያቸው ግን በወዲያኛው ወገን ነው። ተመልካች ሆኖ መቀመጥም ሁልጊዜ መዳኛ አይሆንም፤ የህንዱ ሕግ ጨዋታ በሚካሄድበት ሰዓት በቁማር ቤት ውስጥ የተገኘን ሰው፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ሊጫወት እንደመጣ ይገምታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከባለቤትዎ ጋር ሲነጋገሩ «ወንጀለኛ ሆነሃል» ብለው እንዳይጀምሩ እመክርዎታለሁ፤ ወዳጆቹን የሚወድ ሰው ወዳጅነቱ የተነካ መስሎት ጆሮውን ይዘጋል። ይልቁንስ ከገንዘቡ ይጀምሩ፦ ባለፈው ዓመት «ለቤቱ» ምን ያህል ተነሣ፣ ምን ያህልስ ወጣ፣ የተረፈው የት ሄደ? እርሳቸው ራሳቸው ደምረው ሲያዩት፣ ከ4 ጓደኞች ጋር የጀመሩት ነገር ምን እንደሆነ እኔ ከምነግራቸው ይልቅ ቁጥሩ ይነግራቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቋቸው አንድ ነገር ይሁን፦ የሚነሣው ገንዘብ ከዚህ ዓርብ ጀምሮ ፈጽሞ ይቁም፤ አይቀነስ፣ ስሙም አይለወጥ። ያ ገንዘብ ሲቀር፣ ብድርም ሲቆም፣ ለትርፉ ሲባል የተሰበሰበው ሰው አብሮ ሊቀንስ ይችላል፤ የማይታወቁትን ሰዎች ግን ባለቤትዎ ራሳቸው በአክብሮት ማሰናበት አለባቸው። የቀሩት በእውነት ጓደኞች ከሆኑ፣ የአገራችሁ ሕግ ጨዋታውን ራሱን እንደማይከለክል ጠበቃው እስኪያረጋግጥላችሁ ድረስ፣ ያለ ገንዘብ ቢጫወቱ የሚጎድልባቸው ነገር የለም።

ማቆሙ ያለፈውን እንደማይሽር ግን ልነግርዎ ይገባል። አንድ ዓመት ሙሉ የተወሰደው ገንዘብ፣ ሕጉ የሚጠይቅበት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ፣ ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃ ዘንድ መሄዱ ጨዋታው ከቆመ በኋላም አስፈላጊ ነው፤ የሚቻል ከሆነም እርስዎና ባለቤትዎ ለየብቻችሁ ጠበቃ ብትይዙ ይመረጣል፤ የእርሳቸው መከላከያና የእርስዎ መከላከያ አንድ ላይሆን ይችላልና። ፖሊስ ቀድሞ ከመጣ ሐሰት አይናገሩ፣ ለማስረዳትም አይቸኩሉ፤ ጠበቃ ማማከር እንደሚፈልጉ መናገር በቂ ነው።

ባለቤትዎ እምቢ ካሉ፣ ፈቃደኛ አለመሆንዎን በጽሑፍ ይግለጹላቸው፤ ቀኑን ጽፈው አንዱን ቅጂ ከቤት ውጭ በሚያምኑት ስፍራ ያስቀምጡ፤ ጠበቃዎም ይህንን ይወቅ። ጨካኝ ነገር መስሎ እንደሚታይዎ እረዳለሁ፤ ነገር ግን «ምን አደረጉ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ይህ ወረቀት ነው። ደብተሩን በተመለከተ ግን አደራ የምልዎ ነገር አለ፦ በቁጣ ወይም በድንጋጤ እንዳያቃጥሉት። ምርመራ ከተጀመረ ማስረጃ ማጥፋት በሌላ ወንጀል ያስጠይቃል፤ ምርመራ ባይጀመርም፣ ማን ምን ያህል እንደተበደረና ወለድ እንዳልተጠየቀበት የሚያሳይ ከሆነ፣ ባለቤትዎን የሚጠቅማቸው ያው ደብተር ሊሆን ይችላል። በውስጡ ምንም አዲስ ነገር ሳይጻፍበት፣ ምንም ሳይሰረዝበት፣ እንዳለ ይዘውት ወደ ጠበቃው ይሂዱ።